ከእንጦጦ ጀርባ ያለው መንደር

ሌላው ሰው ልጅነቱን በአበባ ወይም በትኩስ ዳቦ ሽታ ሲያስታውስ እሰማለሁ። ለእኔ የደረሰኝ ግን የቦካ ጭቃ ነው። ጭድ ገብቶበት የሰነበተ ጭቃ ሽታው ደስ አይልም፤ ኮምጠጥ ይላል፣ በረት በረትም ይላል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ዘመዴን ልጠይቅ ጉለሌ ወጥቼ፣ ከታክሲ ወርጄ ጠባቧን መንገድ ስይዝ፣ አንድ ሰውዬ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ የጓሮ ግድግዳ ሲመርግ አገኘሁ። ሽታው ሲመታኝ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«ምነው እህት፣ ቤት ጠፋሽ?» አለኝ።

«አይ፣ እያሸተትኩ ነው» አልኩት።

ከላይ እስከ ታች አይቶኝ ወደ ሥራው ተመለሰ። አልፈርድበትም።

ከእሱ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በቀጨኔ መሄጃው በኩል፣ የእትዬ ሃሊና ቤት አለ። ኖራው ቢላላጥም የጀርባው ግድግዳ ዛሬም ቆሟል። የአገሯ ስም በዜና በተነሳ ቁጥር፣ ሰው ስለ ታንክና ስለ ድንበር ሲከራከር፣ እኔን ትዝ የሚለኝ ያ ግድግዳ ነው። ሲመረግ ስላየሁ ብቻ አይደለም። አንድ ሙሉ መንደር ውስጡ እንዳለ ስለማውቅ ነው።

እትዬ ሃሊና ዩክሬናዊት ነበረች፣ የጎረቤታችን የጋሽ ተፈራ ሚስት። ጋሽ ተፈራ ኪየቭ የእንስሳት ሕክምና ሊማር ሄዶ ዲግሪውንም እሷንም ይዞ መጣ፤ «ዲግሪውን የት እንዳስቀመጥኩት እንኳ አላውቅም» ይል ነበር እሷን እያየ። ልጅ አልወለዱም። አማርኛዋን የለቀመችው ከእሱ አፍ ስለነበር፣ ወንዱንም ሴቱንም፣ ሕፃኑንም ሽማግሌውንም «አንቺ» ነበር የምትለው። እኔ «እርስዎ» ስላት ዞር ብላ ከኋላዋ የቆመ ሰው ትፈልጋለች። በዚህ የተነሳ ታላቅ የማልደፍረው ልጅ እሷን ብቻ አንቺ እል ነበር፤ እናቴም ስትቆጣ ቆይታ ተወችኝ።

ጋሽ ተፈራ ከሞተ በኋላ የመጣው ክረምት ነው የማወራው። ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። እናቴ ልብስ ስፌት ቤት ትውል ስለነበር ጠዋት ጠዋት በአጥራችን ቀዳዳ ወደ እትዬ ሃሊና አሾልካ ትሰደኛለች። ሥራ ተሰጥቶኝ ነበር፤ ከጣራው የሚንጠባጠበው ውኃ ጣሳዎቹን ሲሞላ እየወሰድኩ መድፋት። ሦስት ዓይነት ጣሳ ስለነበረን ሦስት ዓይነት ድምፅ ነበረው። ሥራዬን አክብሬ ነበር የምሠራው፤ ምግብ ላይ ሆኜም አንድ ጣሳ ድምፁ ከተለወጠ ጉርሻዬን ጥዬ እነሳለሁ።

ነሐሴ ላይ ግን ጣሳ የማይመልሰው መጣ። ምሳ እየበላን ሳለ የጀርባው ግድግዳ መጀመሪያ ተነፈሰ፣ ከዚያ ሲጠብቀው የኖረ ነገር ይመስል ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ተቀመጠ። አቧራ እንኳ አልነበረውም፤ እርጥብ ነበር። ማገሮቹ ብቻ የጎድን አጥንት መስለው ቀሩ፤ በእነሱ መሃል እንጦጦ ከነባህር ዛፉ ከነጉሙ ቤታችን ገባ። እትዬ ሃሊና ማንኪያዋን እንደያዘች ተራራውን አየች።

የመጣልኝን ጠየቅኳት። «የአንቺ አገር የት ነው?»

ማንኪያዋን አንስታ በፈረሰው ግድግዳ በኩል ወደ ተራራው ጠቆመች። «በዚያ። ቀጥ ብለሽ፣ ቀጥ ብለሽ፣ ከተራራው ኋላ። መንደሬ ቨርቢቭካ።»

ስለዚህ ቨርቢቭካ ከእንጦጦ ጀርባ እንደሆነ አወቅኩ። አቅጣጫውን አልተሳሳተችም፤ ርቀቱን ደግሞ እኔ አልጠየቅኩም።

ሸራ ወጥረን ዝናቡን ካስቆምን በኋላ የፈረሰው አፈር ጓሮ ላይ ክምር ሆኖ ቀረ። መንደሩን የሠራነው በዚያ አፈር ነው። ጠዋት ዝናብ ሳይመጣ ሁለታችን ቁጢጥ ብለን እንጀምራለን። አንድ መንገድ ብቻ ነበረው፣ በዱላ የተሰመረ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ባዶ የክብሪት ቤቶች፤ ያ የእገሌ ቤት፣ ይሄ የእገሊት ቤት። የሰርዲን ቆርቆሮ ውኃ ተሞልቶ ኩሬ ይሆናል። በኩሬው ዳር የእንስላል ቅርንጫፍ ትተክላለች፤ አኻያ ዛፍ ነው ትለኛለች፣ የመንደሩ ስም ከእሱ ነው የመጣው። ድሮ ድሮ ከጌቶቻቸው ያመለጡ ገበሬዎች በአንድ ጋሪ መጥተው ከአኻያው ሥር አደሩ፣ ጠዋት ውኃው ጣፈጣቸው፣ ቀሩ። ጉብታው ላይ ሰማያዊ ጉልላት ያለው ቤተ ክርስቲያን፤ ጉልላቱ የብዕር ክዳን ነበር። ከመብራት እንጨት ላይ ደግሞ የሽመላ ጎጆ።

«ሽመላዎቹ ብርድ ሲመጣ መንደሩን ትተው ወደ እናንተ ይመጣሉ» አለችኝ። «ተፈራ በመጀመሪያው ዓመታችን ሸጎሌ ወስዶ ሜዳው ላይ አሳየኝ። ያገሬን ሰው ያየሁ ያህል አለቀስኩ።»

ከእንጦጦ ጀርባ ለሚመጣ ወፍ ሸጎሌ ሩቅ አይደለም ብዬ አሰብኩ፤ ማልቀሷ አልገባኝም።

ከሰዓት ዝናቡ ይመጣና መንደሩን ይወስደዋል። በማግስቱ እንደገና እንሠራለን። እኔ እናደድ ነበር፣ እሷ ግን ምንም አይመስላትም፤ «ቨርቢቭካ ለምዷል» ትላለች። ስንሠራ ነው ታሪኩን የምትነግረኝ። አንድ ቀን እጇ ቆመና ከግራ በኩል አንድ ረድፍ ክብሪት አንስታ ኪሷ ከተተች።

«እነዚህ ሰዎች የት ሄዱ?»

«ዳቦ የጠፋበት ዓመት ነበር። እኔ አልተወለድኩም።»

«ዝናብ ጠፍቶ?»

«ዝናብ ነበረ። እህልም ነበረ። መጥተው ወሰዱት።»

ማን እንደወሰደው አልነገረችኝም። ቤት ስገባ ዳቦአችንን ከነሳህኑ አልጋ ሥር ደበቅኩት፤ እናቴ ስታገኘው ጉንዳን ወርሶት ነበር። ምክንያቱን ስነግራት ልትመታኝ ያነሳችውን እጅ መለሰች።

ሌላ ቀን የቀሩትን ክብሪቶች በሙሉ አነሳች። ጦርነት መጥቶ መንደሩ ተቃጠለ። በየቤቱ ቦታ ጠጠር አስቀመጠች። ቤት ሲቃጠል የሸክላ ምድጃው ብቻ ቆሞ ይቀራል፤ ሰዎቹ ከጫካ ሲመለሱ ቤታቸውን ያወቁት በምድጃቸው ነበር። ወንዶቹ አልተመለሱም። ሴቶቹና ልጆቹ ጭቃ አቡክተው ዛሬ የአንዷን ቤት፣ ነገ የሌላዋን ሠሩ። «እናቴ ያን ጊዜ አንቺን ታክል ነበር። ጭቃውን የሚረግጡት ልጆች ናቸው። የኛን ቤት እነማን እንደመረጉልን እስክትሞት ድረስ ስማቸውን ትጠራልኝ ነበር፤ እንደ ጸሎት።» ጠጠሮቹ ላይ አንድ በአንድ ክብሪቶቹን መለሰች።

እኔ ይህን ሁሉ ይዤ ዝም የምል ልጅ አልነበርኩም። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች መንገድ ላይ ጠብቄ፣ ሰማያዊ ጉልላትና የወፍ ጎጆ ያለው መንደር አይተው እንደሆነ ጠየቅኩ። አንዷ ሸክሟን ግንብ ላይ አስደግፋ ላቧን እየጠረገች በቁም ነገር አሰበችልኝ።

«ከተራራው ጀርባ ሱሉልታ ነው እናቴ። ፈረንጅ ያለበት መንደር አላየሁም። ግን ሰፊ ነው፤ አልደረስኩበትም ይሆናል።»

ይህ በቂዬ ነበር።

መስከረም ሲጠባ እትዬ ሃሊና መለወጥ ጀመረች። እህቷ ናዲያ ከቨርቢቭካ ትደውላለች፤ ስልኩን ይዛ በቋንቋዋ ትጮሃለች፣ ትስቃለች፣ ከዘጋች በኋላ ግን ብዙ ጊዜ ሸራውን ስታይ ትቆያለች። አንድ ጠዋት ስገባ ከማርያም ሥዕል ላይ ፎጣዎቹ ወርደዋል። እነዚያን ፎጣዎች ሰው ነክቷቸው አያውቅም፤ እናቷ በቀይ ክር የጠለፈቻቸው፣ ሥዕሉን ግራና ቀኝ ያለበሱት። እኔ ራሴ አንዴ አፌን ልጠርግበት ብዬ እጄን መታኛለች። አሁን ታጥፈው በር አጠገብ ያለ ትልቅ ቡናማ ሻንጣ ውስጥ ተኝተዋል።

«ናዲያ ነይ ትለኛለች» አለችኝ። «የእናቴ ቤት ባዶ ነው። እዚህ ተፈራ የለም፣ ግድግዳም የለም።»

«ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኳት። «በእግሬ።»

አቅፋኝ ሳቀች። ቤት ሄጄ ለእናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦን ልሻገር መሆኑን ስነግራት ግን አልሳቀችም። መቀሷን አስቀምጣ፣ የእትዬ ሃሊና አገር በአውሮፕላን ከባሕር ማዶ እንደሆነ፣ የሄደ ሰው በቀላሉ እንደማይመለስ አስረዳችኝ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። የመጀመሪያ ፍርሃቴ እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። በአጥሩ ቀዳዳ ሮጬ ሄጄ ቀሚሷን ያዝኩ።

«ሂያጅ ነሽ?»

ቁጭ አለችና ፊቴን በመዳፏ ያዘች። «ስሚኝ። ከመስቀል በኋላ፣ ፀሐይ ሲጠነክር፣ ሰው እጠራለሁ። በእኛ ዘንድ ኑ ሥሩልኝ አይባልም፣ ነውር ነው። የፈረሰውን ሁሉም ያያል። ኑ ብሉ ትያለሽ፣ ታበስያለሽ፣ ጭቃውን ታዘጋጂያለሽ፣ በር ትከፍቻለሽ። ከመጡ፣ ይሄ መንደሬ ነው፣ እቀራለሁ። ካልመጡ...» ወደ ሻንጣው አየች። «ካልመጡም አልቀየምም።»

መስቀል አለፈ። ጋሽ ተፈራ አህዮቹን ያከመለት አንድ የሸጎሌ ሰው ጭድ በጆንያ አመጣላት። ጓሮ ጉድጓድ ቆፍራ አፈሩንና ጭዱን ነክራ አሰነበተችው፤ ሽታው አጥር ተሻግሮ እኛ ቤት ይገባ ነበር። ከዚያ ነጭ ሻሽዋን አስራ በየቤቱ ዞረች። አብሬያት ነበርኩ። ያለችው ይህን ብቻ ነው፦ «ቅዳሜ ጠዋት ነይ። ምግብ አለ።» ለሴቱም፣ ለወንዱም፣ ለጋሽ ተፈራ ንስሐ አባትም።

እማማ ብርቄ ቤት ስንደርስ አሮጊቷ ተነስተው ሳሟት። ይህ ገረመኝ፤ እማማ ብርቄ በሰፈሩ ከማንም በላይ እትዬ ሃሊናን የሚያሙ ሰው ነበሩ። «አርባውንም ሰማንያውንም ዝም አለች፣ ተፈራን እንደ ውሻ ቀበረችው» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ እናቴ «ወጉን አታውቅም እኮ እማማ» ስትላቸው «አልጋው ላይ መተኛት ታውቃለች አይደል!» ብለዋታል። አሁን ግን ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «እመጣለሁ ልጄ። ምን እመጣለሁ ብቻ፣ ሰዉንም አስከትላለሁ።»

በደስታ ዘልዬ ቤት ገባሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስል ነበር። እትዬ ሃሊና ትልቁን ድስት የቀይ ሥር ሾርባ ሠርታ፣ ድንች ቀቅላ፣ ዳቦ ደርድራ፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ በባዶ እግሯ ጭቃው ውስጥ ገብታ ቆመች። እኔም አጠገቧ ገባሁ። ጭቃው ከላይ ሞቅ ያለ፣ ከሥር በረዶ ነበር። በሩን ወለል አድርገን ከፍተን ጠበቅን።

መጡ። ሰፈሩ በሙሉ መጣ። ንስሐ አባቱ ከነጥላቸውና ከነመስቀላቸው ከፊት፣ ከኋላቸው እማማ ብርቄ፣ ከዚያ እናቴ፣ ከዚያ የዕድሩ ሰዎች። ሁሉም ነጭ ለብሰዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በሩ ላይ ሲደርሱ ጭቃው ውስጥ የቆምነውን ሁለታችንን አይተው ቀጥ አሉ። ከኋላ ያሉት ገፏቸው፤ እነሱም አይተው ቆሙ።

የእትዬ ሃሊና ፊት መጀመሪያ በርቶ ነበር። ከዚያ ልብሱን አየች። «ማን ሞተ?» አለች።

«ማን ሞተ?» አሉ እማማ ብርቄ። «ባልሽ ነዋ! የተፈራን ሙት ዓመት ልታወጪ አይደል የጠራሽን?»

እትዬ ሃሊና ወራቱን በጣቷ ቆጠረች። «ዓመት ሆነው?» አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ። «እኔ... ለግድግዳው ነው የጠራሁት።»

«ኧረ በስመ አብ!» አለች አንዷ። ከኋላ አንድ ሰው «እንግዲህ በነጭ ልብስ ጭቃ ልንረግጥ ነው?» ሲል ሰማሁ። አንድ ሁለት ሰው ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። የእያንዳንዱ ጀርባ ምን ማለት እንደሆነ ከሁሉ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ሌላ ሰው ሊናገርልኝ እንደማይችልም ገባኝ።

«ከሄዳችሁ ትሄዳለች!» ብዬ ጮህኩ። «ሻንጣዋን አዘጋጅታለች! የሚመጣ ከሌለ ልትሄድ ነው፣ ከባሕር ማዶ፣ ለሁልጊዜ!» ከዚያ ለቅሶዬ መጣ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። እማማ ብርቄ በተከፈተው በር አሻግረው ሻንጣውን አዩ፣ ከዚያ ድስቱን፣ ከዚያ ጭቃውን።

«ቆይ እስቲ» አሉ። «ጎረቤት ትጠሪያለሽ፣ ታበያለሽ፣ እሱ ደግሞ ቤትሽን ይሠራልሻል? በእናንተም አገር እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው። ቶሎካ ነው።»

«ታዲያ ደቦ ነው አትዪም!» እማማ ብርቄ ተቆጥተው ነበር የተናገሩት፣ ግን በማን እንደተቆጡ አይታወቅም። «የአባቴ ቤት ሰላሌ በደቦ ነው የተመረገው። እዚህ ከተማ ከገባሁ ወዲህ የሰው ጭቃ ረግጬ አላውቅም፤ ማን ጠርቶኝ!» ነጠላቸውን አውልቀው አጠፉና ለንስሐ አባቱ ሰጡ። «አባ፣ ይያዙልኝ።» ጫማቸውን በር ላይ ትተው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ እኔን ተደግፈው ገቡ። ጭቃው እግራቸውን ሲውጥ ያወጣውን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

እናቴ ሁለተኛ ገባች። ወንዶቹ ሱሪያቸውን መጠቅለል ጀመሩ። እትዬ ሃሊና እያለቀሰች እጇን ወደ ካህኑ ዘረጋች። «አባ፣ ግቢ፣ አንቺም ግቢ፣ እዚህ ቁጭ በይ!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አባም ሳቁ። «እሺ ገብቻለሁ» አሉ በክንዳቸው ላይ የነጠላ ክምር ይዘው። «ሥራውን ጨርሱ፤ ጸሎቱ ይደርሳል። ተፈራም ቤቱ ክፍት ሆኖ ፍትሐት አይሻም።»

እንዲህ ሆኖ ተሠራ። ሴቶቹ ሲረግጡ፣ ወንዶቹ በእጃቸው እያድቦለቦሉ ማገሩ ላይ ሲለጥፉ፣ እንጦጦ ከእግሩ ጀምሮ ቀስ በቀስ ከቤታችን ወጣ። ከላይ ጥግ ላይ ትንሽ ሲቀር ጭቃው አለቀ። እማማ ብርቄ ዙሪያውን አይተው ባልዲ ይዘው ወደ ጓሮው መንደራችን ሄዱ። በዚያ ጠዋት በደንብ ሠርተነው ነበር፤ ሽመላው ሳይቀር ነበረ።

«እንዳይነኩት! ቨርቢቭካ ነው!» አልኩ።

አሮጊቷ እትዬ ሃሊናን አዩ። እትዬ ሃሊና መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች፣ የብዕር ክዳኑን ከጉብታው ላይ አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠች። «ይግባ» አለች። «ጥሩ ቦታ ነው።» መንገዱ፣ ጉብታው፣ የአኻያው ዳር፣ ሁሉም በባልዲ ተነስቶ ታሽቶ ግድግዳው ላይ ወጣ። ክብሪቶቹን ብቻ አስቀሩልኝ።

ከዚያ አባ ጸሎቱን አደረሱ፤ እግራቸው በጭቃ የተቀባ ሰዎች በአዲሱ ግድግዳ ሥር ቆመው የጋሽ ተፈራን ክርስትና ስም ሰሙ። እትዬ ሃሊና ራሷን ዝቅ አድርጋ እስከ መጨረሻው ቆመች። ሾርባው ሲወጣ ቀለሙን አይተው ጥቂቶች ተጠራጠሩ፤ እማማ ብርቄ ቀምሰው «ሙት ዓመትም ደቦም በአንድ ድስት፣ በያት ይቺን ሴት» ብለው ድጋሚ ጠየቁ።

እጃቸውን ታጥበው የሚያደርቁበት ሲያጡ ሁሉም እጁን እያራገፈ ቆመ። እትዬ ሃሊና ወደ ውስጥ ገባች። ስትወጣ እነዚያን ፎጣዎች በክንዷ ይዛለች፣ ቀዩ ጥልፍ ፀሐይ ላይ ሲበራ። አንዱን ለእናቴ፣ አንዱን ለአባ፣ አንዱን ለእማማ ብርቄ ሰጠች። ሰዉ እየተቀባበለ እጁን ጠረገባቸው፤ በደንብ ያልታጠበ ጭቃ ነጩ ላይ የጣት ምልክት ሲተው እያየች የማንንም እጅ አልመታችም።

ሮጬ ገባሁና ሻንጣውን ከፍቼ አየሁት። ባዶ ነበር።

ውጭ እማማ ብርቄ ወገባቸውን ይዘው መቀመጫ ሲፈልጉ ሰማሁ። ሻንጣውን ዘግቼ እየጎተትኩ አወጣሁላቸው፣ ተቀመጡበት።